ሦስት ዱካ፣ 134 ግጭት

ፖኬሞን ጎ የተባለው ጨዋታ ሲጀመር በስልኩ ስክሪን ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ዝርዝር ነበረች። በአካባቢው የተደበቁት ፍጡራን በዝርዝሯ ላይ ይታያሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ የእግር ዱካ አለ። አንድ ዱካ ከሆነ እዚሁ ቅርብ ነው፤ ሁለት ከሆነ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ሦስት ከሆነ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። አቅጣጫ ግን አይነገርም። ተጫዋቹ ጥቂት ወደ ግራ ይራመዳል፣ ዱካው አልቀንስ ሲል ይመለሳል፣ ወደ ቀኝ ይሞክራል። ድብብቆሽ የተጫወተ ወይም የጠፋች ጥጃ ፍለጋ ሲዞር የዋለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ መርማሪ ነበር፤ ፍንጭ ይዞ ይነሳል፣ ያጠራል፣ ይደርስበታል።

ጨዋታው አሜሪካ ውስጥ የተለቀቀው ጁላይ 6 ቀን 2016 ነው (እዚህ ያሉት ቀናት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ወሩ ሳያልቅ ያቺ ዝርዝር ተበላሸች። አፍንጫ ሥር የቆመውም ሆነ ሩቅ ያለው፣ ሁሉም ሦስት ዱካ ያሳይ ጀመር። ኩባንያው ጥቂት ቆይቶ ዱካውን ጭራሽ አነሳው። ፍንጩ ሲጠፋ ለተጫዋቹ እርግጠኛ ሆኖ የቀረለት ነገር ካርታው ላይ የተተከሉት ቋሚ ነጥቦች ናቸው፤ ፖኬስቶፕ ይባላሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነሱ ናቸው፤ በተለይም በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ቲፔካኑ በምትባል ካውንቲ (ወረዳ) ውስጥ ጨዋታው በተለቀቀ በ148 ቀን ምን እንዳስከተሉ።

ምናባዊ ዓለም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍነውን መነጽር ነው። ያንን ያጠለቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጋጨው ከራሱ ሶፋ ጋር ነው። ፖኬሞን ጎ ከዚህ ይለያል። ዓይን አይሸፍንም፤ የመጫወቻው ሜዳ እውነተኛው ከተማ ነው፣ ምናቡ በስልኩ ካሜራና በጂፒኤስ ላዩ ላይ ይለጠፋል። መነጽር ያደረገ ሰው አለማየቱን ያውቃል። ስልክ የያዘው ግን የሚያይ ይመስለዋል።

ጨዋታውን የሠራው ናያንቲክ በ2015 ከጉግል ተነጥሎ ራሱን የቻለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። በዚያን ጊዜ መሪው የነበረው ጆን ሃንኬ ቀደም ሲል ኪሆል የተባለውን የካርታ ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነው፤ ጉግል ኩባንያውን ገዝቶ ሥራውን ጉግል ኧርዝ አደረገው። ካርታ ዕድሜ ልክ ሙያው ነው ማለት ይቻላል። ናያንቲክ ከፖኬሞን በፊት ኢንግሬስ የሚባል ሌላ ጨዋታ ነበረው፤ የዚያ ጨዋታ ተጠቃሚዎች በየከተማቸው ያለውን ሐውልት፣ የግድግዳ ሥዕል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመታሰቢያ ጽላት ፎቶ እያነሱ ይጠቁሙ ነበር። ፖኬሞን ጎ ሲመጣ ይህ የጥቆማ ክምችት ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። ከነጥቦቹ ከፊሎቹ ፖኬስቶፕ ሆኑ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጂም የሚባሉ የፍልሚያ ቦታዎች።

የተመረጡት ለእግረኛ ዓይን ነው፤ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ነገር ተብለው። ካርታው ሐውልቱን እንጂ ሐውልቱ የቆመበትን ቦታ አያውቅም። ዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት ሙዚየም ግቢው ውስጥ ፍጡር እየታደነበት መሆኑን ሲያይ ከጨዋታው እንዲወጣ ጠየቀ። ቦስኒያ ውስጥ ፈንጂ የሚያመክን ድርጅት፣ ተጫዋቾች ከጦርነቱ የተረፈ ፈንጂ ያለበትን የታጠረ መሬት እየጣሱ መግባታቸውን ሰምቶ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ብዙዎቹ ነጥቦች ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ተራ ቦታ ላይ ነበሩ፦ መንገድ ዳር።

ፖኬስቶፕ የሚሠራው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በጥቂት አሥር ሜትሮች ርቀት ውስጥ ሲገባ ክቡን በጣቱ ያሽከረክረዋል፤ ፍጡር መያዣ ኳስና ሌላ ስንቅ ይወጣለታል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ያው ነጥብ እንደገና ይሰጣል። ኳስ ሲያልቅ ጨዋታው ቆመ ማለት ነው፤ ወይ በገንዘብ ይገዛል፣ ወይ ነጥብ ለነጥብ እየዞሩ ይለቀማል። አስቡት እንግዲህ። አሥር ነጥብ በእግር መዞር ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። በመኪና ግን ያኔ ከሥራ ወደ ቤት ሲሄዱ በመንገድ የሚለቀም ነበር፤ ለአንዱ የሚበቃው አንድ የጣት ንክኪ ነበር።

ቲፔካኑ ዋባሽ ወንዝን ይዛ የተቀመጠች፣ ላፋየትና ዌስት ላፋየት የተባሉ ከተሞች ያሉባት፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲን ያቀፈች ካውንቲ ናት። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች ጉዳዩን ያዙት፦ ማራ ፋቺዮ እና ጆን ማኮኔል። የመንገድ መሐንዲሶችም የጨዋታ ተመራማሪዎችም አይደሉም። የፋይናንስ መምህራን ናቸው፤ የሰለጠኑት አንድ ነገር ሲለወጥ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ለመከታተል ነው። እኔን የማረከኝም ይኸው ነው፤ ዱካ የማንበቡን እውነተኛ ሥራ የሠሩት እነሱ ናቸው።

በእጃቸው የነበረው የካውንቲው የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ነው፤ ከማርች 2015 እስከ ኖቬምበር 2016 መጨረሻ የተመዘገቡ ወደ 12,000 የሚጠጉ አደጋዎች፣ እያንዳንዱ የት ቦታ፣ መቼ፣ በምን ጉዳት። ቀላሉ ጥያቄ «ስንቱ ሾፌር ሲጫወት ነበር?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ግን የትም አያደርስም። ተጋጭቶ ከመኪናው የወረደ ሰው ፖሊስ ፊት ቆሞ ፍጡር ሳድን ነበር ብሎ ይናዘዛል ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ ሾፌሩን ትተው ቦታውን ጠየቁት።

የካውንቲውን መስቀለኛ መንገዶች ለሁለት ከፈሉ፤ በ100 ሜትር ውስጥ ፖኬስቶፕ ያለባቸውና የሌለባቸው። ቀጥሎ ጨዋታው ከመለቀቁ በፊትና ከተለቀቀ በኋላ የደረሰውን አደጋ በሁለቱም ወገን ቆጠሩ። ዝናብ ቢዘንብ በሁለቱም ላይ ይዘንባል። ተማሪ ከዕረፍት ቢመለስ ሁለቱም ይጨናነቃሉ። ቤንዚን ቢረክስ ሁለቱም ጋ መኪና ይበዛል። በአንዱ ወገን ብቻ የተለወጠ ነገር ቢኖር የነጥቡ ሕይወት ማግኘት ነው። ነጥቦቹ ደግሞ ከአደጋው በፊት፣ በሌላ ጨዋታ ዘመን፣ ከአደጋ ጋር በማይገናኝ ምክንያት የተመረጡ ናቸው፤ አደጋ የሚበዛበት ቦታ ሆን ተብሎ ተመርጦ ነው እንዳይባል ያ በር ተዘግቷል። ዘዴው በኢኮኖሚክስ አዲስ አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን እንደ ቁልፍ ገጠመ።

ውጤቱን በ2017 ይፋ አደረጉ። በ148ቱ ቀናት ውስጥ ከፖኬስቶፖች አጠገብ ከሚጠበቀው በላይ 134 ግጭት ደርሷል፤ በካውንቲው በሙሉ ከታየው የአደጋ ጭማሪ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። የተጎዳው መኪና ብቻ ሲሰላ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደረሰ። የተጎዱ ሰዎች 31። የሞቱ 2። ጠቅላላ ኪሳራውን ከ5.2 ሚሊዮን እስከ 25.5 ሚሊዮን ዶላር አድርገውታል፤ ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በአብዛኛው ለሰው ሕይወት የሚሰጠው ዋጋ እንደ አሰላሉ ስለሚለያይ ነው።

እነዚህ 134 ግጭቶች በስም ተለይተው የሚታወቁ አይደሉም። «ይቺኛዋ መኪና፣ ያኛው ሾፌር» ማለት አይቻልም። ጨዋታው ባይኖር ይደርስ ከነበረው በላይ የደረሰው ትርፍ ነው። ለሟች ቤተሰብ ይህ ምንም አይነግረውም። መንገድ ለሚያስተዳድር ሰው ግን ከአንድ ሾፌር የእምነት ቃል የበለጠ ይነግረዋል።

አጥኚዎቹ በዚህ አላበቁም። ስሌቱን ወደ መላው አሜሪካ ዘርግተው 145,632 ግጭት፣ 256 ሞትና ከ2 እስከ 7.3 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ የሚል ግምት አወጡ። ጋዜጦች የያዙት ይህንን ነበር። እኔ ግን ይህን ክፍል በጥርጣሬ ነው የማነበው። ቲፔካኑ ኒው ዮርክ አይደለችም፤ ሰው በባቡር በሚሄድበትና ሰው በመኪና ብቻ በሚሄድበት ከተማ አንድ ፖኬስቶፕ እኩል አደጋ ያመጣል ማለት ይከብዳል። የቲፔካኑ ቁጥር ከነችግሩ የተቆጠረ ነው፤ የአገሪቱ ቁጥር የተባዛ ነው።

ከሁሉም በላይ የጥናቱ ዓይን ብዬ የምይዘው ግን ከአደጋው ብዛት ይልቅ የጂሞቹን ነገር ነው። ጂም በካርታው ላይ እንደ ፖኬስቶፕ ያለ ነጥብ ነው፤ ከዚያው ክምችት የተወሰደ፣ በዚያው ዓይነት መንገድ ዳር የተተከለ። ልዩነቱ ጂም ላይ መፋለም ጊዜ ይወስዳል፤ ተጫዋቹ ቆሞ ስክሪኑን ደጋግሞ መንካት አለበት። እየነዱ የሚሆን አይደለም። አጥኚዎቹ በጂሞቹ አካባቢ ያለውን መስቀለኛ መንገድ በዚያው ዘዴ ሲመረምሩት እዚህ ግባ የሚባል ጭማሪ አላገኙም።

ጨዋታው ያው፣ ተጫዋቹ ያው፣ መንገዱ ያው። በዚያን ጊዜ አንደኛው ነጥብ እየነዱ ሽልማት ይሰጥ ነበር፣ ሌላኛው አይሰጥም ነበር። ግጭቱ የተከተለው የሚሰጠውን ነው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የወጣቱ ግድየለሽነት ነው ቢባል ኖሮ ግድየለሹ ወጣት በጂሙም አጠገብ በተጋጨ ነበር። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን ናያንቲክ ቢሮ ውስጥ ነው ያለው።

ኩባንያው ማስጠንቀቂያ አልሰጠም ማለት አይቻልም። ያኔ ጨዋታው ሲከፈት ይታይ የነበረው ሥዕል ራሱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ድልድይ የሚሻገር ልጅ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ከውኃው አፉን የከፈተ ግዙፍ ዘንዶ መሰል ፍጡር ይወጣል። ዙሪያችሁን አስተውሉ የሚል ቃልም ነበረበት። ሥዕሉ ግሩም ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ይታይ የነበረው ጨዋታው እስኪከፈት ነው፤ ኳሱ ይሰጥ የነበረው ደግሞ ቀኑን ሙሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዜናው ሌላ ሌላ ነበር። ዋዮሚንግ ውስጥ ሪቨርተን በተባለች ከተማ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት በወንዝ አጠገብ ፍጡር ስትፈልግ የሰው አስከሬን አገኘች። ሚዙሪ ውስጥ ኦፋለን በተባለ ከተማ ፖሊስ አራት የታጠቁ ተጠርጣሪዎችን ያዘ፤ ጭር ያለ ቦታ ያለ ፖኬስቶፕ ወጥመድ ሆኗቸው፣ ተጫዋቹ ራሱ እየመጣ ይዘረፍ ነበር። ካሊፎርኒያ ኤንሲኒታስ ላይ ሁለት ሰዎች የታጠረውን አልፈው ከገደል ወደቁ፤ ተረፉ። ባልቲሞር አንድ ሾፌር የቆመ የፖሊስ መኪና ገጨ፤ ነገሩ በፖሊሱ የደረት ካሜራ ተቀረጸ። በየጋዜጣው የዞረው እንዲህ ያለው፣ የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስቅ ነገር ነው። የቲፔካኑ ግጭት ግን ለዜና አይበቃም፤ በአንድ መስቀለኛ መንገድ አንዱ የፊት መብራት ሲሰበር ማን ይጽፋል?

በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ሌሎች አጥኚዎች ሌላ በር ሞክረው ነበር። በጆን ኤየርስ የሚመራ የሳንዲያጎ ቡድን በ10 ቀን ውስጥ ፖኬሞንና መንዳትን አንድ ላይ ካነሱ ከ345,000 በላይ የትዊተር መልእክቶች መሐል 4,000ውን ወስዶ ሲያነብ፣ ከ100ው 33ቱ ሾፌር፣ ተሳፋሪ ወይም እግረኛ በጨዋታው ሐሳቡ መወሰዱን የሚናገሩ ሆነው አገኛቸው። 18ቱ ሰው እየነዳ ሲጫወት የሚያሳዩ ነበሩ። ፖሊስ ፊት የማይነገረው ነገር ለጓደኛ በኩራት ይጻፋል ማለት ነው።

ጃፓን የፖኬሞን አገር ናት፤ ጨዋታው እዚያ የገባው ጁላይ 22 ነው። መንግሥት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ጨዋታው ከመውጣቱ አስቀድሞ ዘጠኝ ነጥብ ያለው ማሳሰቢያ በትኗል። በእውነተኛ ስም አትጠቀሙ፣ ሙቀት እንዳይመታችሁ፣ እየተራመዳችሁ ስክሪን ላይ አታፍጥጡ የሚል። በወሩ፣ ኦገስት 23፣ ቶኩሺማ ውስጥ አንድ ገበሬ እየነዳ ሲጫወት ሁለት ሴቶች ገጨ፤ የ72 ዓመቷ ሞተች። ኦክቶበር 26 ደግሞ አይቺ ውስጥ ኢቺኖሚያ ከተማ ላይ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ ዜብራ ላይ የነበረ የ9 ዓመት ልጅ ገጭቶ ገደለ። ሾፌሩ ሲጫወት ነበር። ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ፈረደበት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ከተማዋ ሾፌሩን ብቻ በመውቀስ አላለፈችም፤ ወደ ኩባንያው ሄዳ በመኪና ፍጥነት ጨዋታው አይሥራ አለች። በኖቬምበር 2016 ናያንቲክ ደንቡን አጠበቀ፤ ስልኩ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲንቀሳቀስ ፖኬስቶፑ አይሽከረከርም፣ ፍጡርም አይወጣም። ጃፓን በበኩሏ በዲሴምበር 2019 እየነዱ ስልክ መጠቀምን የሚቀጣውን ሕግ አከበደች፤ የተራ መኪና ቅጣት ከ6,000 ወደ 18,000 የን ከፍ አለ። ስልኩ ጂፒኤስ ስላለው ፍጥነቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ በመራመድ የሚያስፈለፍለው እንቁላል አለ፤ ለዚህ በመኪና የተሄደውን ኪሎ ሜትር ጨዋታው አይቆጥርም፤ በማጭበርበር ላይ ፍጥነትን መለኪያ አድርጎ በሕይወት ላይ ሳያደርገው አራት ወር አለፈ። ይህን ሳስብ ብስጭት ይለኛል።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ልናገር። ጨዋታው ሰው አራምዷል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ጨዋታው የያዛቸውን ሰዎች በቀን በአማካይ 1,473 እርምጃ ጨምረው አገኛቸው። ሌላ ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት 955 እርምጃ ጭማሪ አይቶ፣ በስድስተኛው ሳምንት ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ አለ። ሁለቱም ጥቅም ናቸው፤ ደንቡ ለእግረኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም የሚቀነስባቸው ነገር አልነበረም።

ይህን ጉዳይ ለአንድ ቨርጂኒያ ለሚኖር ታክሲ ነጂ ዘመዴ ስነግረው ሳቀብኝ። «ፖኬሞን የልጅ ጨዋታ ነው፤ እኛ በየደቂቃው የምናድነው ሰው ነው» አለ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባም ሆነ እዚያ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚነዳ ሰው ጥሪው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልነካው ሥራው ለሌላው ያልፋል። ነጥብ አለ፣ ሽልማት አለ፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ መኪናውም ይሮጣል። የቲፔካኑን ዘዴ ይዞ ይህን የሚመረምር ሰው ቢነሳ መዝገቡ በየትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ተቀምጧል።

ከኖቬምበሩ ገደብ በፊት፣ በኦገስት፣ ናያንቲክ አንድ ሌላ ነገር አስገብቶ ነበር። ስልኩ በፍጥነት መሄዱን ሲያውቅ ስክሪኑ ላይ መልእክት ይወጣል፤ እየነዱ አይጫወቱ ይላል። ከሥሩ አንድ ቁልፍ አለ፣ «ተሳፋሪ ነኝ» የሚል። ለማለፍ የሚያስፈልገው እሱን መንካት ነው። መሪውን በአንድ እጁ የያዘ ሾፌር በአውራ ጣቱ ይደርስበታል።